ፈተናው ይቅደም ወይስ ማመልከቻው? ቴክሳስ ውስጥ የኢንሹራንስ ወኪል ለመሆን ላሰቡ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄዎ ባጭሩ ሲቀመጥ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመድን ኩባንያ የተሽከርካሪ ክፍል ስድስት ዓመት ሠርተዋል፤ አሁን የሚኖሩት ጋርላንድ፣ ቴክሳስ ነው፤ የመኪናና የቤት ኢንሹራንስ የሚሸጥ ወኪል ለመሆንም ይፈልጋሉ። ለፈቃድ ከማመልከትዎ በፊት ፈተናውን መውሰድ ይችሉ እንደሆነ፣ ከአምስት ዓመት በፊት በሱቅ ዕቃ ስርቆት ምክንያት የነበረብዎት ክስ እንቅፋት ይሆን እንደሆነ፣ በዓመቱ መጨረሻ ወደ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ቢዛወሩ ምን እንደሚከተል፣ በመጨረሻም የአዲስ አበባው ልምድዎ ከፈተና ነፃ ያደርግዎት እንደሆነ ጠይቀዋል።

አዎ፣ ከማመልከትዎ በፊት መፈተን ይችላሉ። ቴክሳስ ውስጥ የተለመደው ቅደም ተከተልም ይኸው ነው፤ ፈተናው ይወሰዳል፣ የጣት አሻራ ይሰጣል፣ ማመልከቻውም ይገባል። ፈተናውን ለስቴቱ የሚሰጠው ፒርሰን ቪዩ የተባለው ድርጅት ሲሆን፣ ለመመዝገብ አስቀድሞ ማመልከቻ ማስገባት አያስፈልግም። ነገር ግን «መፈተን እችላለሁ ወይ?» እና «አሁን መፈተኔ ይጠቅመኛል ወይ?» የሚሉት ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ በእርስዎ ሁኔታ የሚከብደው ሁለተኛው ነው። ፈተና ማለፍ በራሱ አንዲት ፖሊሲ (የመድን ውል) እንኳ የመሸጥ መብት አይሰጥም፤ ከአንዱ ስቴት ወደ ሌላው ይዘውት የሚሻገሩትም ፈቃዱን እንጂ የፈተናውን ውጤት አይደለም። ከዚህ በታች የምጽፈው አብዛኛው ነገር ከዚህ ልዩነት የሚመነጭ ነው።

አገር ቤት ሳሉ የመድን ሥራን የሚቆጣጠረው፣ ለመድን ወኪሎችም ፈቃድ የሚሰጠው አንድ ብሔራዊ ባንክ ነበር። እዚህ ግን የፌዴራሉ መንግሥት ለወኪሎች ፈቃድ አይሰጥም፤ በ1945 የወጣው የማካራን ፈርግሰን ሕግ የኢንሹራንስን ቁጥጥር ለየስቴቶቹ ስለተወው፣ እያንዳንዱ ስቴት የራሱ መሥሪያ ቤት፣ የራሱ ፈተናና የራሱ የጊዜ ገደብ አለው። በዚህም የተነሳ ኒው ዮርክ ያለ ዘመድዎ «መጀመሪያ ትምህርቱን ሳትጨርስ ለፈተና አትቀርብም» ቢልዎት አልዋሸዎትም፤ እዚያ ለንብረትና ለኃላፊነት መድን 90 ሰዓት፣ ለሕይወትና ለጤና ደግሞ 40 ሰዓት የቅድመ ፈቃድ ትምህርት ግዴታ ነው። ቴክሳስም ሆነ ቨርጂኒያ ግን እንዲህ ያለ የትምህርት ሰዓት አይጠይቁም። በራስዎ አንብበው መቅረብ ይችላሉ።

አሁን ወደ ጊዜው እንምጣ። ቴክሳስ ውስጥ ያለፉት ፈተና ውጤት የሚያገለግለው ለ12 ወር ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ካላመለከቱ ውጤቱ ይሞታል፣ እንደገናም ይፈተናሉ። ቨርጂኒያ ውስጥ ያለው ገደብ ከዚህ ያጠረ ሲሆን 183 ቀን ነው። እርስዎ በዓመቱ መጨረሻ ለመዛወር ስላሰቡ ዋናው ስጋት የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው። ቴክሳስ ውስጥ ተፈትነው አልፈው፣ ማመልከቻውን «እዚያው ደርሼ አስገባለሁ» ብለው ቢያቆዩት፣ አሌክሳንድሪያ ሲገቡ በእጅዎ ያለው ወረቀት ለቨርጂኒያ ምንም ማለት አይደለም፤ የቨርጂኒያን ፈተና ከመጀመሪያው ይወስዳሉ። ፈተናውን ካለፉ በኋላ ወዲያው አመልክተው የቴክሳስ ነዋሪ ወኪል ፈቃድ ከያዙ ግን ነገሩ ይለወጣል። በስቴቶቹ መካከል ባለው የመቀባበል ሥርዓት መሠረት፣ ፈቃድ የነበረው ሰው ወደ ሌላ ስቴት ሲዛወር የቀድሞው ፈቃዱ ከተሰረዘበት ቀን አንስቶ በ90 ቀን ውስጥ ካመለከተ፣ ለያዘው የመድን ዘርፍ ዳግመኛ አይፈተንም። ከዚያም በላይ፣ ገና ጋርላንድ ሳሉ በቴክሳሱ ፈቃድ ላይ ተመሥርተው የቨርጂኒያን የነዋሪ ያልሆነ ወኪል ፈቃድ ያለ ፈተና ማውጣት ይችላሉ።

ይህን ጠበቅ አድርጌ የምናገረው ስላየሁት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የማውቀው ሰው ጥሩ ነጥብ አምጥቶ አለፈ፤ የጭነት መኪና ሥራው ስለያዘው ማመልከቻውን ዛሬ ነገ እያለ አቆየው፤ ሲያስታውሰው ዓመት ከሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። ሁለተኛ ሲፈተን ወደቀ፣ ምክንያቱም ያጠናው ሁሉ ከጭንቅላቱ ወጥቶ ነበር። ያለፉበትን ወረቀት ከማዕከሉ በተቀበሉበት ሳምንት ማመልከቻውን ያስገቡ። ማመልከቻው በኤንአይፒአር ወይም በሰርኮን በኢንተርኔት የሚሞላ ነው፤ የጣት አሻራውን የሚያነሳው አይደንቶጎ ሲሆን፣ አሻራው ለቴክሳስ የሕዝብ ደኅንነት መሥሪያ ቤትና ለኤፍቢአይ ይላካል። የፈቃዱ ክፍያ 50 ዶላር ነው። የአሜሪካ ዜጋ መሆን አይጠበቅብዎትም፤ ዜጋ ያልሆነ አመልካች በሕግ መሥራት እንደሚችል የሚያሳይ ማስረጃ ያቀርባል።

የቀድሞው ክስ ጉዳይ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። «ጠበቃዬ ተዘግቷል ብሎኛል» ብለው ጽፈዋል። ችግሩ «ተዘግቷል» የሚለው የአማርኛ ቃል ብዙ የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ላይ መሸፈኑ ነው። ዐቃቤ ሕጉ ክሱን አንስቶት ሊሆን ይችላል፤ መዝገቡ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከነጭራሹ ተሰርዞ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ደግሞ፣ በቴክሳስ በብዛት እንደሚታየው፣ ጥፋተኛ ነኝ ወይም አልከራከርም ብለው ዳኛው የጥፋተኝነት ውሳኔውን አዘግይቶ ለተወሰነ ጊዜ በክትትል ሥር አቆይቶዎት፣ ጊዜውን በሰላም ሲጨርሱ አሰናብቶዎት ሊሆን ይችላል። ይህ የመጨረሻው ዲፈርድ አጁዲኬሽን ይባላል። ብዙ ሰው ይህን «ነፃ ወጣሁ» ብሎ ይተረጉመዋል። የማመልከቻው ጥያቄ ግን ተፈርዶብዎት እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ፍርድ ተዘግይቶልዎት እንደሆነም ጨምሮ ይጠይቃል፤ ስለዚህ እንዲህ ያለው ሰው «አይ» የሚለውን ሣጥን ሲጫን ሐሰት መስክሯል ማለት ነው። አሻራው ደግሞ ነገሩን ያወጣዋል። ከአምስት ዓመት በፊት የተፈጸመ ቀላል ጥፋት አብዛኛውን ጊዜ ፈቃድ አያሳጣም፤ ተደብቆ የተገኘ ግን የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤቱ አመልካቹን የማያምንበት አዲስ ምክንያት ይሆናል፤ የጠየቁት በሰው ገንዘብ የሚታመኑበት ፈቃድ ነውና። በነገራችን ላይ ይኸው ማመልከቻ የትራፊክ ቅጣትን፣ ጠጥቶ ማሽከርከርን፣ ያለ መንጃ ፈቃድ መንዳትንና የመሳሰሉትን ቀላል የወንጀል ክሶች ከመልሱ እንዲያስቀሩ ይፈቅዳል፤ የስርቆት ክስ ግን ከእነዚህ ውስጥ የለበትም።

በ1994 የወጣ የፌዴራል ሕግ፣ እምነት በማጉደል ወይም በማጭበርበር ባሕርይ ባለው ከባድ ወንጀል የተፈረደበት ሰው የስቴቱ ተቆጣጣሪ በጽሑፍ ካልፈቀደለት በቀር በኢንሹራንስ ሥራ እንዳይሰማራ ይከለክላል። ይህ ክልከላ የሚመለከተው ፌሎኒ የሚባለውን ከባድ ወንጀል ነው። በቴክሳስ ሕግ የተሰረቀው ዕቃ ዋጋ 2,500 ዶላር ካልደረሰ ክሱ እንደ ደንቡ በዝቅተኛው የወንጀል መደብ ውስጥ ይወድቃል፤ ስለዚህ የእርስዎ ጉዳይ የአንድ ጃኬትና የአንድ ጫማ ጉዳይ ከነበረ የፌዴራሉ ሕግ ያገኝዎታል ብዬ አልሰጋም። ሆኖም በግምት አይሂዱ። ክሱ ወደታየበት ካውንቲ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ቢሮ ሄደው የውሳኔውን የተረጋገጠ ቅጂ ያውጡ። ከዚያም ቴክሳስ ለእንዲህ ያለ ሰው ያዘጋጀችው ጥሩ መንገድ አለ፤ ሰውየው ሳይፈተንና ሳያመለክት በፊት፣ ያለፈው የወንጀል ታሪኩ ለፈቃድ ብቁ እንዳይሆን ያደርገው እንደሆነ መሥሪያ ቤቱ መርምሮ በደብዳቤ እንዲያሳውቀው መጠየቅ ይችላል። ከፈተናው በፊት ወደ መሥሪያ ቤቱ መሄድ የሚጠቅመው ሰው ቢኖር ይኸው ነው። ቅጂው ላይ ያለው ቃል ግልጽና ቀላል ከሆነ ግን ይህን ሁሉ መጠበቅ አያስፈልግዎትም፤ ተፈትነው ሲያመለክቱ ቅጂውንና ስለ ሁኔታው በራስዎ ቃል የጻፉትን መግለጫ አያይዘው ያስገቡ።

እርስዎ ያልጠየቁት፣ የኛን ሰው ግን ከሁሉም በላይ የሚያሰናክለው ጉዳይ ስም ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። አንዱ ሰነድ ላይ የአባት ስም የመጨረሻ ስም ሆኖ ይገባል፣ ሌላው ላይ የአያት ስም ይሆናል፣ ሦስተኛው ላይ ሁለቱ ተጣብቀው አንድ ቃል ይሆናሉ፤ ኃይለ ወይም ገብረ ብለው የሚጀምሩ ስሞች ደግሞ መሐል ላይ ተሰንጥቀው ግማሹ መካከለኛ ስም ሆኖ ይቀራል። ለፈተና ሲመዘገቡ የሚጽፉት ስም በፈተናው ዕለት ከሚያሳዩት መታወቂያ ጋር ካልገጠመ ከበር ሊመለሱ ይችላሉ፣ የከፈሉትም ገንዘብ ይቀራል። ከበር አልፈው ቢፈተኑም እንኳ ነገሩ አያበቃም፤ የፈተናው ውጤት፣ የአሻራውና የማመልከቻው መረጃ ሦስቱም የሚገናኙት በስምዎ፣ በልደት ቀንዎና በሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥርዎ ነው። አንዱ ላይ አንዲት ፊደል ብትለይ ማመልከቻው «አሻራ አልደረሰንም» እየተባለ ሳምንታት ይቀመጣል። ስለዚህ የመንጃ ፈቃድዎንና የሶሻል ሴኪዩሪቲ ካርድዎን ጎን ለጎን አስቀምጠው ያነጻጽሩ፤ የማይገጥሙ ከሆነ ለፈተናው ቀጠሮ ከመያዝዎ በፊት አንዱን ያስተካክሉ።

ፈቃዱን በተመለከተ የመኪናና የቤት ብቻ ከሆነ ዓላማዎ ፐርሰናል ላይንስ የሚባለው ጠባብ ፈቃድ ይበቃዎታል። ቢሆንም ጀነራል ላይንስ ፕሮፐርቲ ኤንድ ካዡዋልቲ የሚባለውን ሰፊውን እንዲወስዱ እመክራለሁ። ደንበኛዎ የሚሆነው የኛው ሰው ነው፤ የኛ ሰው ደግሞ ዛሬ መኪናውን ያስገባና ነገ የጭነት መኪናውን፣ ከነገ ወዲያ የነዳጅ ማደያውን ወይም ምግብ ቤቱን ይዞ ይመጣል፤ በጠባቡ ፈቃድ እነዚህን መሸኘት ይሆናል ሥራዎ።

ፈተናው አጠቃላይ የመድን ዕውቀትንና የቴክሳስን ሕግ የሚጠይቅ፣ ባለ ምርጫ ጥያቄ ሲሆን ማለፊያው 70 ነው። የስድስት ዓመት ልምድዎ በብዙ ቦታ ይረዳዎታል፤ መድን የሚገባበት ጥቅም ምን እንደሆነ፣ ካሳ ሰውን ወደነበረበት ይመልሰዋል እንጂ አያተርፈውም የሚለው መርሕ፣ እውነቱን ሳይደብቁ የማሳወቅ ግዴታ፣ ሁሉም እዚያም እዚህም አንድ ናቸው። የሚያጠቃዎት ልምድዎ ከእንግሊዝ የመድን አሠራር የወረሰው ቃል እዚህ ሌላ ትርጉም ይዞ ሲመጣ ነው። ለምሳሌ አዲስ አበባ ኮምፕሬሄንሲቭ ሲባል የራስን ተሽከርካሪ ጉዳትና የሦስተኛ ወገንን ኃላፊነት አንድ ላይ የያዘ ሙሉ ዋስትና ማለት ነው። እዚህ ግን ኮምፕሬሄንሲቭ ከግጭት ውጪ ያለ ጉዳት ብቻ ነው፤ ስርቆት፣ እሳት፣ በረዶ፣ አጋዘን መግጨት። ከምሰሶ ጋር የተጋጨ መኪና የሚከፈለው ኮሊዥን በሚባለው የግጭት ዋስትና ነው። «ሙሉ ነው» በሚል ልማድ ከመለሱ የመኪናውን ክፍል ጥያቄዎች ይስቷቸዋል።

ከዚህ የባሰው የኮኢንሹራንስ ሒሳብ ነው፤ ኮኢንሹራንስ ባለቤቱ ከንብረቱ ዋጋ ቢያንስ የተወሰነ መቶኛ ያህል መድን እንዲገባ የሚያስገድድ የውል ቃል ነው። ጥያቄው እንዲህ ይመጣል፦ የሕንፃው ዋጋ 400,000 ዶላር፣ ፖሊሲው የ80 በመቶ የኮኢንሹራንስ ግዴታ አለበት፣ ባለቤቱ የገባው 240,000 ዶላር ነው፣ 40,000 ዶላር የሚያወጣ እሳት ደረሰ፣ ዲዳክቲብሉ (ባለቤቱ ከራሱ ኪስ የሚሸፍነው) 1,000 ዶላር ነው፤ ኩባንያው ስንት ይከፍላል? አዲስ አበባ ለምደውት የነበረው የአቬሬጅ አሠራር የተገባውን ገንዘብ ለሙሉው ዋጋ ያካፍላል፤ 240,000 ለ400,000 ሲካፈል 60 በመቶ ይሆንና ካሳው 24,000 ይወጣል። እዚህ ግን የሚካፈለው ለሙሉው ዋጋ ሳይሆን መግባት ለነበረበት ልክ ነው፤ የ400,000 80 በመቶ 320,000 ነው፣ 240,000 የዚያ ሦስት አራተኛ ነው፣ ስለዚህ ከ40,000 ላይ 30,000፣ ዲዳክቲብሉ ሲቀነስ 29,000 ዶላር ይከፈላል። ጥያቄ አውጪዎች በአቬሬጁ አሠራር ዲዳክቲብሉ ተቀንሶ የሚወጣውን 23,000 የሚለውንም ምርጫ መካከል ሊያስቀምጡት እንደሚችሉ ይጠብቁ። የተሳሳተው መልስ ምርጫው ውስጥ ካለ ሰው መሳሳቱን አያውቅም።

የቴክሳስ ሕግ ክፍል በማስታወስ የሚሠራ ነው። የመኪና ባለቤት መያዝ ያለበት ዝቅተኛ የኃላፊነት ዋስትና ለአንድ ተጎጂ 30,000፣ ለአንድ አደጋ በጠቅላላ 60,000፣ ለንብረት 25,000 ዶላር መሆኑን በቃልዎ ይያዙ። ቨርጂኒያ ሲሄዱ ይህ ቁጥር ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ 50,000፣ 100,000 እና 25,000 ነው፤ ያለ ፈተና ቢሻገሩም ለደንበኛ የሚናገሩትን መማር ግን አይቀርልዎትም። እንግሊዝኛው ቀላል ሆኖ ሳለ የሚያወናብደው «ከሚከተሉት የማይካተተው» ዓይነት አጠያየቅ ነው፤ ልምምድ ሲሠሩ አሉታዊዋን ቃል ፈልጎ በጣት መንካትን ልማድ ያድርጉት። እኔ በመጀመሪያው ሙከራዬ በሁለት ጥያቄ የወደቅሁት መልሱን ሳላውቅ ቀርቼ አልነበረም፤ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው አላነበብኩትም ነበር።

ከማኅበረሰባችን መካከል «መጀመሪያ እኛ ጋ ተመዝገብ፣ ላይሰንሱን እኛ እናወጣልሃለን» የሚሉ ቀጣሪዎች ያጋጥሙዎታል። ፈተናውን ለማንም ሳይቀጠሩ ራስዎ መውሰድ ይችላሉ፣ ፈቃዱም በስምዎ የሚወጣ የእርስዎ ንብረት ነው፤ የጥናት ወጪ ሸፍነውልዎት ከሆነ ግን ሲለቁ ምን እንደሚከፍሉ በጽሑፍ ያንብቡ። ፈቃዱ ሳይወጣ፣ አልፌያለሁና ብለው ለጓደኛ እንኳ ዋጋ እንዳያወጡ። ፈቃዱ ከወጣም በኋላ አንድን ኩባንያ ወክለው ለመሸጥ ያ ኩባንያ ወኪሉ አድርጎ ሊሾምዎ ይገባል። ፈቃዱ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ሲሆን፣ ለማሳደስ 24 ሰዓት ተከታታይ ትምህርት ይጠበቅብዎታል።

የመጨረሻው ጥያቄዎ ልምድ ከፈተና ነፃ ያደርግ እንደሆነ ነበር። የአዲስ አበባው ስድስት ዓመት አያደርግም፤ የቀድሞ አሠሪዎ የሚጽፉልዎት የምስክር ወረቀትም ለቴክሳስ መሥሪያ ቤት ዋጋ የለውም፣ ከዚያ ይልቅ ሥራ ሲፈልጉ ለሚቀጥርዎ ወኪል ቢሮ ያሳዩት። ቴክሳስ በንብረትና በኃላፊነት ዘርፍ ከፈተና ነፃ የምታደርገው ሲፒሲዩ የተባለውን የሙያ ማዕረግ ያገኘን ሰው ነው፤ እሱም ከአንድ በላይ ፈተና ያለውና ረጅም ጊዜ የሚወስድ ስለሆነ፣ የፈቃዱን ፈተና ለመሸሽ ብሎ የሚጀምረው ሰው የለም።